የአንዱ ማዕበል፣ የሌላው ክረምት

ታይታኒክ ከበረዶ ተራራ ጋር ተላትማ በሰጠመችበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1912፣ ካሮል ሊቪንግስተን ራይከር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ አንድ ትልቅ ዕቅድ ይዞ ብቅ አለ። ከካናዳዋ ኒውፋውንድላንድ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ 320 ኪሎ ሜትር ያህል ባሕር ውስጥ የሚዘልቅ ግድብ ይሠራ አለ። ከሰሜን የሚወርደው ቀዝቃዛው የላብራዶር ጅረት ከደቡብ ከሚመጣው ሞቃት የገልፍ ስትሪም ጅረት ጋር እንዳይቀላቀል ከተደረገ፣ ጭጋጉ ይገፈፋል፣ የበረዶ ተራሮቹ ይቀልጣሉ፣ የሰሜኑም ምድር ይሞቃል የሚል ነበር ስሌቱ። ግድቡ አልተሠራም። የባሕርን ጅረት አቅጣጫ በማስለወጥ የአየር ንብረትን ማረቅ ይቻላል የሚለው ሐሳብ ግን ከራይከር ጋር አልሞተም።

ሐሳቡ ከባሕር ወደ ሰማይ የተሻገረው ከ34 ዓመታት በኋላ ነው።

ከማቀዝቀዣ ሣጥን እስከ ሳቫና

በጁላይ 1946 ቪንሰንት ሼፈር በኒውዮርክ ግዛት፣ ስኬነክታዲ ከተማ በሚገኘው የጄኔራል ኤሌክትሪክ ቤተ ሙከራ ደመናን ያጠና ነበር። መሣሪያው ለቤት አገልግሎት የሚሸጥ ማቀዝቀዣ ሣጥን ነው፤ ውስጡን በጥቁር ከፋይ ለብጦታል። ጎንበስ ብሎ እፍ ሲልበት የትንፋሹ እርጥበት ትንሽ ደመና ይሆናል፤ ወደ ውስጥ የበራው መብራትም ደመናውን ከጥቁሩ ጨርቅ ላይ አጉልቶ ያሳየዋል። ሣጥኑ ከዜሮ ዲግሪ በታች ወርዶም የደመናው ጠብታዎች በረዶ አልሆን ይሉት ነበር። አንድ ቀን ሙቀቱ በረታና ሣጥኑ እንደሚፈለገው አልቀዘቅዝ ሲል፣ ሼፈር ቶሎ እንዲቀዘቅዝለት ደረቅ በረዶ፣ ማለትም በቅዝቃዜ የጠጠረ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ከተተበት። ወዲያው ሣጥኑ በመብራቱ ጨረር በሚያብረቀርቁ የበረዶ ቅንጣቶች ተሞላ።

ደመና ውስጥ ያለ ጥቃቅን የውኃ ጠብታ ከዜሮ ዲግሪ በታች ቀዝቅዞም ፈሳሽ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። በረዶ ለመሆን የሚጀምርበት ቅንጣት ይፈልጋል። ያን ካገኘ ይረጋል፣ ይከብዳል፣ ይወርዳል፤ ሲረጋም ሙቀት ይለቃል። በኖቬምበር 13 ቀን 1946 ሼፈር በትንሽ አውሮፕላን ወጥቶ በምዕራብ ማሳቹሴትስ ሰማይ ላይ በነበረ ደመና ውስጥ ደረቅ በረዶ በተነ። ከደመናው ሥር በረዶ ሲወርድ ታየ፤ መሬት ሳይነካ በአየር ላይ ተነነ። በዚያው ወር የሥራ ባልደረባው በርናርድ ቮኔጉት ሲልቨር አዮዳይድ የተባለው ውሁድ ከበረዶ ጋር በሚመሳሰል ቅርጹ ያንኑ ሥራ እንደሚሠራ ደረሰበት። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ለደመና ማበልጸግ ከሚውሉት ነገሮች ዋነኛው ይኸው ነው።

የሁለቱም የሥራ መሪ ኢርቪንግ ላንግሚዩር ነበር። በ1932 በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ይህ ሰው በአንድ ደመና የሚረካ አልነበረም። ከአሜሪካ ጦር ጋር በ1947 በተጀመረው ፕሮጀክት ሲረስ ውስጥ ዓይኑ ሀሪኬን በሚባለው ግዙፍ የውቅያኖስ ማዕበል ላይ አረፈ። በኦክቶበር 13 ቀን 1947 አንድ ሀሪኬን ፍሎሪዳን አልፎ ከጃክሰንቪል በስተምሥራቅ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ፊቱን ወደ ክፍት ውቅያኖስ አዙሮ ሳለ፣ አውሮፕላኖች 80 ኪሎ ግራም ያህል ደረቅ በረዶ በተኑበት።

ማዕበሉ ዞረ። ፊቱን ወደ ምዕራብ መልሶ በጆርጂያ ግዛት ሳቫና ከተማ ላይ ወደቀ።

ሕዝቡ ተቆጣ፤ መንግሥት ይከሰስ የሚል ድምፅ ተሰማ። ላንግሚዩር ማዕበሉን ያዞርነው እኛ ነን ባይ ነበር፤ ለእሱ ይህ የስኬት ማረጋገጫ ነው። በኋላ መዝገብ ሲገለጥ ግን በ1906 የነበረ ሌላ ሀሪኬን ማንም ሳይነካው ያንኑ መንገድ መከተሉ ታወቀ፤ የ1947ቱም ቢሆን ደረቁ በረዶ ሳይበተንበት በፊት መዞር ጀምሮ ነበር። ሆኖም ከዚያ ቀን ጀምሮ ክርክሩን ያልተለየው ጥያቄ ተወልዷል፤ ማዕበልን የነካ ሰው ማዕበሉ ከዚያ በኋላ ለሚያደርሰው ሁሉ ተጠያቂ ነው?

የስቶርምፈሪ ዘመን

በ1954 ካሮል፣ ኤድናና ሄዘል የተባሉ ሦስት ሀሪኬኖች የአሜሪካን ምሥራቃዊ ጠረፍ ተራ በተራ መቱት። በዓመቱ ኮኒና ዳያን ደገሙት። መንግሥት ገንዘብ መደበና ብሔራዊ የሀሪኬን ምርምር ፕሮጀክት ተቋቋመ፤ መሪው ሮበርት ሲምፕሰን ሆነ። ሲምፕሰን በልጅነቱ፣ በ1919፣ የተወለደባትን የቴክሳሷን ኮርፐስ ክሪስቲ ከተማ ካጥለቀለቀው ሀሪኬን ከቤተሰቡ ጋር የተረፈ ሰው ነው። ሀሪኬኖችን በጉልበታቸው ከአንድ እስከ አምስት የሚመድበው መለኪያ ዛሬም ስሙን ይዟል።

ያ ዘመን ትልቅ ድፍረት የነበረበት ነው። የሶቪየት ኅብረቱ ፒዮትር ቦሪሶቭ የቤሪንግን ወሽመጥ ገድበን የአርክቲክን ቀዝቃዛ ውኃ ወደ ፓሲፊክ እንግፋ፣ በምትኩ ሞቃቱ የአትላንቲክ ውኃ ወደ ሰሜን ይሳባል አለ። በ1959 ጃክ ሪድ የተባለ አሜሪካዊ ሀሪኬንን በኒውክሌር ቦምብ ማዳከም ይቻላል የሚል ሐሳብ አቀረበ። እነዚህ ሁሉ የዘነጉት የነገሩን መጠን ነው። የአሜሪካ ባለሙያዎች እንዳሰሉት አንድ ሀሪኬን እርጥበትን ወደ ደመናና ዝናብ ሲለውጥ የሚለቀው ሙቀት ከዓለም የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ሁሉ አቅም 200 እጥፍ ያህል ይደርሳል።

ሲምፕሰንና የሜትዎሮሎጂ ሊቋ ጆአን ማልከስ፣ ኋላ ባለቤቱ የሆነችውና ጆአን ሲምፕሰን በመባል የምትታወቀው፣ ያሰቡት ግን ከጉልበት ይልቅ በብልሃት ነበር። ጆአን በ1949 ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በሜትዎሮሎጂ የዶክትሬት ዲግሪ ያገኘች የመጀመሪያዋ አሜሪካዊት ናት። መላ ምቱ እንዲህ ነው። የሀሪኬን እጅግ ብርቱ ነፋስ ያለው ዓይኑን፣ ማለትም መካከሉን፣ በከበበው የደመና ግድግዳ ሥር ነው። ከዚህ ግድግዳ ወጣ ብሎ ባለው ደመና ውስጥ ሲልቨር አዮዳይድ ቢበተን፣ የቀዘቀዘው ውኃ ይረጋል፤ ሲረጋ የሚለቀው ሙቀት ደመናውን ያሳድገዋል፤ አዲሱ ደመናም የአሮጌውን ግድግዳ እርጥበት ነጥቆ ሰፋ ያለ ክብ ይሠራል። እንዝርት ላይ ፈትሉ እየወፈረ ሲሄድ ሽክርክሪቱ እንደሚዘገየው፣ ክቡ የሰፋ ማዕበልም ነፋሱ ይለዝባል።

በሴፕቴምበር 1961 ኤስተር የተባለው ሀሪኬን ላይ ተሞከረ፤ ነፋሱ በ10 በመቶ ገደማ ቀነሰ። በዓመቱ የአየር ትንበያ ቢሮውና የባሕር ኃይሉ ፕሮጀክት ስቶርምፈሪን በጋራ መሠረቱ። የሳቫና ትዝታ ስላልጠፋ ሕጉ ጥብቅ ሆነ፤ በአንድ ቀን ጊዜ ውስጥ ሰው ወደሚኖርበት ጠረፍ የመቅረብ ዕድሉ ከ10 በመቶ በታች ያልሆነ ማዕበል አይነካም። በ1963 ቢዩላ የተባለው ሀሪኬን ተሞከረ። ከዚያ በኋላ ግን እንደ ሕጉ የሚመች ማዕበል መጠበቅ ራሱ ሥራ ሆነ።

በሴፕቴምበር 1965 ቤትሲን ሊነኩ ተዘጋጅተው ነበር። ማዕበሉ ወደ ጠረፍ ሲዞር በረራው ተሰረዘ። ሥራው እንደሚካሄድ አስቀድሞ የሰሙ ጋዜጦች ግን እንደተካሄደ አድርገው ጻፉ። ቤትሲ ደቡብ ፍሎሪዳን መታ፤ ቀጥሎ ሉዊዚያና ገብቶ ኒው ኦርሊንስን በውኃ አጥለቀለቀ። ያልተነካ ማዕበል የተነካ ተብሎ ተወገዘ፤ ባለሥልጣናቱ ምክር ቤቱንና ሕዝቡን ለማሳመን ብዙ ሳምንታት ፈጀባቸው። ኩባም አሜሪካ ሀሪኬንን የጦር መሣሪያ ልታደርገው ነው ስትል ከሰሰች።

ትልቁ ቀን ኦገስት 18 ቀን 1969 ነው። ካሚል የተባለው አስፈሪ ሀሪኬን ሚሲሲፒን ያወደመው ባለፈው ሌሊት ነበር። ዴቢ የተባለው ሌላ ሀሪኬን ደግሞ ከሰው ርቆ አትላንቲክ ላይ ይሽከረከራል። አውሮፕላኖች በየሁለት ሰዓቱ ልዩነት አምስት ጊዜ ወደ ዓይኑ ግድግዳ እየገቡ ሲልቨር አዮዳይድ ለቀቁበት። ከባሕር ወለል 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተለካው ነፋስ በሰዓት ከ180 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ 126 ወረደ፤ በ31 በመቶ ቀነሰ ማለት ነው። በማግስቱ ሳይነካ ሲቀር ጉልበቱን መልሶ አገኘ። በሦስተኛው ቀን ደግመው ሲነኩት እንደገና ደከመ፣ ቅናሹ ግን ከመጀመሪያው ያነሰ ነበር። የተመራማሪዎቹ ደስታ ልክ አልነበረውም።

ዝናብ በጦር ሜዳ፣ ዝናብ በፍርድ ሸንጎ

በዚያው ጊዜ በሌላ የዓለም ጥግ ተመሳሳይ ኬሚካል በምሥጢር ይበተን ነበር። ከ1967 እስከ 1972 የአሜሪካ ጦር የሰሜን ቬትናም ስንቅና ትጥቅ በሚተላለፍበት የሆ ቺ ሚን መንገድ ላይ፣ ክረምቱን አራዝሞ መንገዱን በጭቃ ለመዝጋት፣ 2,602 በረራዎች አካሄደ። ምሥጢሩ በጋዜጦች ሲወጣ ዓለም ደነገጠ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በዲሴምበር 1976 የአካባቢ ለውጥን ለጦርነት መጠቀምን የሚከለክል ስምምነት አጸደቀ፤ በኦክቶበር 1978 ሥራ ላይ ዋለ። ከስምምነቱ ጋር የተያያዘው ማብራሪያ በምሳሌነት ከዘረዘራቸው ነገሮች መካከል የዝናብና የአውሎ ነፋስ ለውጥ፣ የአየር ንብረት ለውጥና የውቅያኖስ ጅረት ለውጥ ይገኙበታል። የራይከርና የቦሪሶቭ ሐሳቦች የጦር መሣሪያ ሊሆኑ እንደሚችሉ ዓለም በሕግ ቋንቋ አመነ። ነገር ግን ስምምነቱ የሚከለክለው የጠላትነት አጠቃቀምን ብቻ ነው። ለሰላም ተብሎ ለሚደረገው በሩን ክፍት ትቶታል።

የስቶርምፈሪ ሰዎች በአትላንቲክ የሚመች ማዕበል ሲያጡ ወደ ፓሲፊክ ሊዛወሩ አሰቡ። ቻይና የተነካ ማዕበል ጠረፌ ላይ ቢወድቅ አልቀበልም አለች። የጃፓን መልስ ከዚህም ይለያል። በሴፕቴምበር 1959 የኢሴ ባሕረ ሰላጤ ታይፉን (የፓሲፊክ ሀሪኬን) ከ5,000 በላይ ሰው ገድሎባታል፤ ታይፉን ምን እንደሚያደርስ ከማንም በላይ ታውቃለች። ያም ሆኖ የማይቀረውን ጉዳት እችለዋለሁ፣ ዝናቡን ግን አትንኩብኝ ብላ ተቃወመች፤ የእርሻዋና የግድቦቿ ውኃ ከታይፉን የሚገኝ ነውና። በ1980 ሜክሲኮ በድርቅ ስትመታ ደግሞ የአሜሪካ የምርምር አውሮፕላኖች ሀሪኬኖችን እያባረሩ ዝናባችንን ሰረቁን የሚል ክስ ከዚያ ተሰማ። አውሮፕላኖቹ ያን ጊዜ ማዕበል ይለኩ እንጂ አይነኩም ነበር። ክሱ ስሕተት ቢሆንም ያነሣው ጉዳይ እውነት ነው፤ ለአንዱ መቅሠፍት የሆነ ማዕበል ለሌላው የዓመት ውኃ ነው።

ስቶርምፈሪን የገደለው ግን ተፈጥሮ ራሷ ናት። በአራት ሀሪኬኖች ላይ በስምንት ቀናት ሙከራ ተደርጎ፣ በአራቱ ቀናት ነፋሱ ከ10 እስከ 30 በመቶ ቀንሷል። በኋላ በተሻሉ መሣሪያዎች ሲጠና፣ ማንም ያልነካቸው ሀሪኬኖችም በራሳቸው ጊዜ ሁለተኛ ግድግዳ ይሠራሉ፣ አሮጌውን ይተካሉ፣ ለጊዜውም ይለዝባሉ። በዴቢ ላይ የታየው ሳይነኩትም ሊሆን የሚችል ነገር ነበር። በሀሪኬን ደመና ውስጥ ከዜሮ በታች የቀዘቀዘ ፈሳሽ ውኃ ጥቂት መሆኑ፣ የተፈጥሮ በረዶው ግን መብዛቱም ታወቀ፤ ሲልቨር አዮዳይዱ የሚያረጋው አልነበረም። ፕሮጀክቱ በ1983 ተዘጋ። የገዛቸው ሁለት ፒ-3 አውሮፕላኖች ግን ወደ ማዕበል እየገቡ መለካታቸውን ቀጠሉ፤ የትንበያው መሻሻል ብዙ ሕይወት ያተረፈው እንዲህ ባለው ልኬት ነው።

ባሕሩ የያዘው መልስ

አሜሪካውያን ስለ ማዕበል ሲከራከሩ፣ ከአትላንቲክ ማዶ ዝናብ ጠፍቶ ነበር። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከሴኔጋል እስከ ሱዳን ያለው የሳህል ምድር ደረቀ። በኢትዮጵያም በ1965 እና 1966 ዓ.ም. ወሎና ትግራይ በረሀብ ተመቱ፤ የረሀቡ መደበቅ ዘውዱን እስከመገልበጥ ላደረሰው ቁጣ አንዱ ምክንያት ሆነ። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ የኮረምና የመቀሌ መጠለያዎች ሥዕል በዓለም ቴሌቪዥን ታየ። እርግጥ ነው ሰው የሞተው በዝናብ መቅረት ብቻ አይደለም፤ ጦርነትና የመንግሥት ቸልታ ነበሩበት። ዝናቡ ለምን ቀረ የሚለው ጥያቄ ግን መልስ ይፈልግ ነበር።

በ1975 የሜትዎሮሎጂ ሊቁ ጁል ቻርኒ ምድሩ ስለተራቆተ ነው የሚል መላ ምት አቀረበ፤ የተላጨ መሬት የፀሐይን ብርሃን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ አየሩ አይነሣም፣ ደመናም አይሠራም። ጥፋቱ የእረኛውና የገበሬው ነው ለማለት የሚመች መልስ ነበር። በ1986 የብሪታንያው ክሪስ ፎላንድና ባልደረቦቹ ወደ ባሕር አመለከቱ። የሳህል ዝናብ የሚከተለው የዓለም ውቅያኖሶችን ሙቀት ነው አሉ፤ የሰሜኑ ባሕር ሲቀዘቅዝ፣ የደቡቡ ሲሞቅ፣ የዝናቡ መቀነት ወደ ደቡብ ይሸሻል። በ2003 አሌሳንድራ ጃኒኒና ሁለት ባልደረቦቿ ይህንኑ በኮምፒውተር ሞዴል አጸኑት።

በመካከሉ የሀሪኬን ተመራማሪው ዊልያም ግሬይ ሁለቱን ታሪኮች አገናኘ። በ1990 ባወጣው ጥናት፣ ምዕራብ አፍሪካ በዘነበባቸው ዓመታት ብርቱ ሀሪኬኖች የአሜሪካን ጠረፍ አብዝተው እንደሚመቱ፣ ሳህል በደረቀባቸው ዓመታት ግን እንደሚቀንሱ አሳየ። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። አብዛኞቹ የአትላንቲክ ሀሪኬኖች የሚጀምሩት በአፍሪካ ሰማይ ላይ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ከሚጓዝ የአየር ሞገድ ነው። በኦገስት 2000 በአትላንቲክ ላይ ለሳምንታት የቆየው አልቤርቶ የተባለው ሀሪኬን ወደ ኋላ ሲታሰስ መነሻው የኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ላይ የተሰበሰበ የነጎድጓድ ደመና ሆኖ ተገኘ። የእኛ ክረምት የሚያዘንበው ደመና ከአህጉሩ ማዶ ካለው ማዕበል ጋር ዝምድና አለው።

ከዚያ የከፋ ነገር መጣ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የአውሮፓና የአሜሪካ ፋብሪካዎች የለቀቁት የሰልፈር ጢስ የፀሐይን ብርሃን ጋርዶ ሰሜን አትላንቲክን እንዳቀዘቀዘው፣ ይህም ለሳህል ድርቅ አስተዋጽኦ እንዳደረገ ከ2002 ጀምሮ የወጡ ጥናቶች አመለከቱ። በ2013 የታተመ ሌላ ጥናት ያው ጢስ የአትላንቲክን ማዕበል ቁጥር ዝቅ አድርጎ እንደነበር አሳየ። የስቶርምፈሪ አውሮፕላኖች ያቃታቸውን የጢስ ማውጫዎቹ፣ ማንም ሳያቅድ፣ በከፊል ፈጽመውታል። ዋጋውን የከፈለው ግን ጢሱን ያላጨሰው ሕዝብ ነው።

የባሕሩ ጅረት ራሱስ ቢዳከም? ተመራማሪው ዋለስ ብሮከር በ1987 አስጠንቅቆ ነበር። በአትላንቲክ ሞቃት ውኃ በላይ ወደ ሰሜን ይሄዳል፣ እዚያ ቀዝቅዞ ይሰጥማል፣ በጥልቁ ወደ ደቡብ ይመለሳል። በ2004 ከፍሎሪዳ እስከ አፍሪካ ጠረፍ የተዘረጉ መለኪያዎች ይህ ዝውውር በሰከንድ 17 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል እንደሚያንቀሳቅስ አሳዩ። ቢቆም ምን እንደሚሆን የሚናገር ማስረጃ ደግሞ ከጣና ሐይቅ ወለል ወጣ። የሐይቁን ደለል በቧንቧ ቆፍረው ያወጡ ተመራማሪዎች ጣና ከ17,000 ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ እንደነበር በ2007 አሳወቁ። በ2011 ኩርት ስቴጀርና ባልደረቦቹ ያ ዘመን ከሰሜን አሜሪካ የፈሰሱ የበረዶ ተራሮች አትላንቲክን ካቀዘቀዙበት ጊዜ ጋር መግጠሙን አሳዩ። በአትላንቲክ ሰሜን የሆነው የዓባይን ምንጭ አድርቆታል። የአየር ንብረት ለውጥ የበይነ መንግሥታት ጉባኤው በ2021 ሪፖርቱ ዝውውሩ በዚህ ክፍለ ዘመን መዳከሙ እጅግ የሚገመት መሆኑን ገልጿል፤ ከ2100 በፊት በድንገት ይቆማል ብሎ ግን አይጠብቅም።

ክርክሩ እንደገና ሲነሣ

በኦገስት 2005 ካትሪና ኒው ኦርሊንስን አጥለቅልቆ ከ1,300 በላይ ሰው ሲሞት፣ ማዕበልን የመግራት ሐሳብ ከተቀበረበት ተነሣ። በ2009 ቢል ጌትስ የሚገኝበት የፈጠራ ባለቤቶች ቡድን ከጥልቁ ባሕር ቀዝቃዛ ውኃ በማውጣት ሀሪኬንን የማዳከም ማመልከቻ ይፋ ሆነ። በ2014 የስታንፎርዱ ማርክ ጃኮብሰንና ባልደረቦቹ በካትሪና መንገድ ላይ ከ70,000 በላይ የነፋስ ተርባይኖች ተተክለው ቢሆን ኖሮ ነፋሱ ብዙ ይለዝብ እንደነበር በሞዴል አሳዩ።

ባሕሩን የማቀዝቀዙን ሐሳብ የማያሚ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች በ2022 መረመሩት። 260,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ባሕር፣ 21,000 ኪሎ ሜትር ኩብ ውኃ ማለት ነው፣ በሁለት ዲግሪ ቢቀዘቅዝ ማዕበሉ የሚዳከመው በ15 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ለዚያ የሚያስፈልገው ኃይል አሜሪካ በ2019 ከተጠቀመችበት ከመቶ እጥፍ በላይ ነው። በአሳማኝ ቁጥር የቀረበው ይህ መልስ አንዱን መንገድ ዘጋ።

ሌላው መንገድ ግን ርካሽ ነው፤ አሳሳቢነቱም እዚያ ላይ ነው። እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ እንደሚሆነው፣ በአውሮፕላን የሰልፈር ቅንጣት በስትራቶስፌር በትኖ ፀሐይን መጋረድ። በ2013 የኤክሴተር ዩኒቨርሲቲው ጂም ሄይዉድና ባልደረቦቹ ከ1900 እስከ 2010 ሳህል እጅግ ከደረቀባቸው አራት ክረምቶች ሦስቱ በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ከፈነዱ ትላልቅ እሳተ ገሞራዎች በኋላ የመጡ መሆናቸውን አሳዩ። በኖቬምበር 2017 ደግሞ ይኸው ቡድን ወሳኙን ስሌት አወጣ። ቅንጣቱ በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ብቻ ቢበተን የአትላንቲክ ማዕበሎች ይቀንሳሉ፣ ሳህል ግን ይደርቃል። በደቡቡ ብቻ ቢበተን ሳህል ይለመልማል፣ የአትላንቲክ ማዕበሎች ግን ሊበረቱ ይችላሉ። ጃፓን በ1970ዎቹ በደመ ነፍስ ያለችው ነገር በቁጥር ተጻፈ።

ያችው ጃፓን በ2021 አቋሟን ለወጠች። መንግሥቷ እስከ 2050 ድረስ የአየር ሁኔታን በመቆጣጠር ከከባድ ዝናብና ነፋስ ስጋት ነፃ የሆነ ኅብረተሰብ ለመፍጠር ግብ አስቀመጠ፤ በዮኮሃማ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲም የታይፉን ምርምር ማዕከል ተከፈተ። ኢትዮጵያም በ2013 ዓ.ም. የደመና ማበልጸግ ሙከራ መጀመሯን አስታወቀች።

ድርቁ ይህን ሁሉ አልጠበቀም። በ2015 ብርቱ ኤልኒኖ የኢትዮጵያን ክረምት ሲያዛባ 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ አስፈለገው። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በአፍሪካ ቀንድ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ፤ የቦረናና የሶማሌ አርብቶ አደሮች ከብቶች አለቁ። በኤፕሪል 2023 የወጣ የዓለም አቀፍ ሳይንቲስቶች ጥናት፣ አየሩ ሞቆ ከአፈርና ከዕፅዋት የሚነጥቀው እርጥበት ስለጨመረ፣ የአየር ንብረት ለውጥ እንዲህ ያለውን ድርቅ የመከሰት ዕድሉን 100 እጥፍ ያህል እንዳሳደገው ገመተ።

በኦገስት 2023 የአፍሪካ የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትሮች አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው ፀሐይን የመጋረድ ቴክኖሎጂ ሥራ ላይ እንዳይውል የሚያደርግ ዓለም አቀፍ ስምምነት ጠየቁ። በፌብሩዋሪ 2024 ጉዳዩ ናይሮቢ ላይ ለተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጉባኤ ቀረበ። ስዊዘርላንድ ያዘጋጀችው የውሳኔ ረቂቅ የባለሙያዎች ቡድን ይቋቋም የሚል ነበር፤ የአፍሪካ አገሮች መጀመሪያ ክልከላው ይጻፍ አሉ፤ ሌሎች ደግሞ ሁለቱንም አልፈለጉም። ረቂቁ ተነሣ፣ ጉባኤውም በዚህ ጉዳይ ላይ ያለ ውሳኔ ተበተነ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ሄሊን የተባለው ሀሪኬን የአሜሪካን ደቡብ ምሥራቅ ሲያወድም መንግሥት ማዕበሉን ሠራው የሚል ወሬ ተናፈሰ፤ የአገሪቱ የውቅያኖስና ከባቢ አየር አስተዳደር ሀሪኬንን የመቀየር ሥራ እንደሌለው ለሕዝብ ማስረዳት ግድ ሆነበት። በጁን 2025 የስቶርምፈሪ ተመራማሪዎች መቀመጫ የነበረችው ፍሎሪዳ በግዛቷ ውስጥ የአየር ሁኔታን መለወጥ በእስርና በገንዘብ የሚያስቀጣ ሕግ አወጣች።

ፍሎሪዳ የራሷን ሰማይ በሕግ አጥራለች። ከ1978 ጀምሮ ያለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ደግሞ ለጦርነት ያልታሰበውን ሥራ አይነካም። በዚህ ክፍተት መካከል ነገ አንድ አገር ጠረፉን ከማዕበል ለመታደግ ሲል ከሰሜኑ ሰማይ ላይ ሰልፈር ቢበትን፣ የወሎን ገበሬ አስቀድሞ እንዲጠይቅ የሚያስገድደው ሕግ የለም። የአዲስ አበባው ውሳኔ የጠየቀው እንዲህ ያለውን ሥራ የሚከለክል ሕግ እንዲኖር ነው፤ የማዕበሉን ጉዳት የሚፈሩት የኒው ኦርሊንስ ሰዎችም፣ ክረምቱን የሚጠብቁት የሳህልና የኢትዮጵያ ሰዎችም እኩል የሚቀመጡበት ድርድር ነው የሚያስፈልገው፤ የሜትዎሮሎጂ ተቋሞቻችን መረጃና ሞዴልም ከማንኛውም ሙከራ በፊት በዚያ ጠረጴዛ ላይ መገኘት አለበት።